ቀይ ጭራውን ያሰርኩበት ፕላስቲክ

መጀመሪያ ነጥቤን ልስጥ፣ ወሬው ይከተላል። ለዚህ የዓሣ ገንዳ ማከፋፈያ ከ5 3 ሰጥቼዋለሁ። ደብረ ብርሃን ባልኖር 4 እሰጠው ነበር። ከተማ እንዴት ነጥብ ይቀንሳል የምትሉ ታገሡኝ፣ እደርስበታለሁ።

ዕቃው የአኳሪየም ማከፋፈያ ነው። ቀዳዳ በቀዳዳ የሆነ ጥቁር ዝርግ ፕላስቲክ ነው። በአራት ትንንሽ መጣበቂያ ጎማዎች መስታወቱ ላይ ይጣበቅና ገንዳውን ለሁለት ይከፍላል። ውኃው በቀዳዳው ያልፋል፣ ዓሣው አያልፍም። ማለቴ እንዳያልፍ ታስቦ ነው የተሠራው። 1,350 ብር ከአዲስ አበባ አስመጣሁት፤ ከላምበረት በሚነሳ ሚኒባስ ተልኮ፣ ለረዳቱ 100 ብር ጨምሬ። ካርቶኑ ላይ የፋብሪካ ስም የለም። የምትስቅ ዓሣ ሥዕል ብቻ አለ።

ፀጉር ቤት አለኝ፣ ጠባሴ አካባቢ። ገንዳው ወረፋ ጠባቂዎች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ፊት ለፊት ነው ያለው። ርዝመቱ 1 ሜትር፣ ስፋቱ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከፍታው 40፤ እስከ አፉ ቢሞላ 120 ሊትር መሆኑ ነው። ያስገባሁት ደንበኛ ተራው እስኪደርስ ስልኩ ላይ ከሚደፋ ቀና ብሎ የሚያየው ነገር እንዲኖረው ብዬ ነበር። ሠርቶልኛል። ቶንዶስ ሲያዩ የሚያለቅሱ ሕፃናት እንኳ ዓሣ እያዩ ዝም ይሉ ነበር። ቀይ ጭራው እስኪያድግ ድረስ ነው ታዲያ።

ቀይ ጭራ የምለው ሻጮች «ሻርክ» የሚሉትን ነው። ሻርክ አይደለም፣ የካርፕ ዘመድ ነው። የጀርባው ክንፍ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ነው ስሙን ያገኘው። ገላው ከሰል፣ ጭራው ደም። አገሩ ታይላንድ ነው፣ የቻው ፕራያ ወንዝ አካባቢ። የሚገርመው እዚያ ወንዙ ውስጥ ሊጠፋ ጫፍ ደርሷል፤ በዓለም አቀፉ መዝገብ እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት ተርታ ነው ያለው። በየሱቁ የምናየው በእርባታ የተፈለፈለው ነው። ይሄን ሁሉ ያወቅሁት ግን ከተበላሸ በኋላ ነው። ስገዛው የትንሿን ጣቴን ያህል ነበር፣ ድንጋይ ሥር የሚደበቅ ዓይን አፋር። ሻጩን «ከሌሎቹ ጋር ይስማማል ወይ?» ብለው «ወንድሜ፣ እሱ መስታወት ነው የሚልሰው፣ ማንንም አይነካም» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው። መስታወት ይልሳል።

በስድስት ወር 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የገንዳው ባለቤት እኔ መሆኔ ቀረ። ስድስት ፕላቲ፣ አራት ሞሊና ሁለት ቀይ ሶርድቴል ነበሩኝ፤ ሁሉም ጠብ የማያውቁ፣ እየወለዱ የሚኖሩ ዓሦች ናቸው። ጠዋት በሩን ስከፍት ሁሉም ከላይ ጥግ ላይ፣ ከፊልተሩ (ከውኃ ማጣሪያው) ቱቦ ጀርባ ተጨናንቀው አገኛቸዋለሁ። እሱ ታች ብቻውን ይንጎራደዳል። የወንዱ ሶርድቴል ጭራ ሥር እንደ ሰይፍ የሚረዝም ነገር አለ፣ ስሙም ከዚያ ነው የመጣው። አንድ ቀን ሳየው ሰይፉ ተበልቶ ጉማጁ ቀርቷል። ሌሎቹን ትንሽ አባርሮ ይተዋቸዋል። ሁለቱን ቀዮች ግን ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያሳድዳል። ለካ ይሄ ዓሣ ቀለሙ ወይም ቅርጹ እሱን የሚመስለውን ነው አብልጦ የሚጠላው።

ከመንዝ የሚመጡ አንድ አባት ደንበኛ አሉኝ። ለገበያ ሲመጡ ነው የሚቆረጡት። አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው ለረጅም ጊዜ አዩትና፦

«ልጄ፣ ይሄ ጥቁሩ ርስት አለኝ ነው የሚለው» አሉኝ።

«እንዴት አባባ?»

«ያችን ድንጋይ አታያትም? ከሷ ወዲህ ያለፈውን ነው የሚመታው። ወዲያ ያለውን ዝም ይላል።»

ቶንዶሱን አጥፍቼ አየሁ። እውነታቸውን ነው። እኔ ስንት ሌሊት ስልኬ ላይ አፍጥጬ ያላገኘሁትን እሳቸው በአንድ ተራ ጥበቃ አገኙት። ችግሩ ያች ድንጋይ 70 ሳንቲ ሜትር ላይ ነበረች። ማለትም ከ1 ሜትር ገንዳ 70ው የእሱ ነው፣ የቀሩት 12 ዓሦች በ30 ይብቃቃሉ። ቀዮቹ ደግሞ እዚያ 30 ውስጥም ሰላም የላቸውም።

ማከፋፈያውን ከመግዛቴ በፊት ርካሹን መንገድ ሞክሬያለሁ። ሞሊ ስትወልድ ጫጩቶቹን የምለይባት ትንሽ የመረብ ሳጥን አለችኝ፣ ገንዳው ጠርዝ ላይ የምትንጠለጠል። እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ዝላይ የሚችል ዓሣ መሆኑን ማን ነገረኝ? ጠዋት ስገባ ሳጥኗ ባዶ፣ እሱ ድንጋዩ ላይ። ደግነቱ ወደ ውስጥ ነው የዘለለው። ወደ ውጭ ቢሆን ፀጉር ስጠርግ ነበር የማገኘው።

እና ማከፋፈያውን ከዚያው ዓሣውን ከሸጠልኝ ሰው አዘዝኩ።

ሲመጣ የመጀመሪያው ጣጣ ልኩ ነው። «ለ30 ሳንቲ ሜትር ገንዳ» ይላል፣ ፕላስቲኩም ልክ 30 ነው። የኔ ገንዳ 30 የሚሆነው ከውጭ ሲለካ ነው። መስታወቱ 6 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ውስጡ 28.8 ነው የሚቀረው። እንግዲህ ይሄን የሠራው ሰው ገንዳ አይቶ ያውቃል? በብረት መጋዝ ቆረጥኩት። ፕላስቲኩ ለመቆረጥ አያስቸግርም፣ አይሰነጠቅም፣ ይሄን አመሰግናለሁ። እኔ ግን ትንሽ አብዝቼ ቆረጥኩና በሁለቱም ጎን ክፍተት ተፈጠረ። ይሄኛው የኔ ጥፋት ነው፣ ነጥብ አልቀነስኩበትም።

ሁለተኛው ጎማዎቹ ናቸው። በመጀመሪያው ሌሊት ሁለቱ ወደቁ። መስታወቱ ላይ ለዓይን የማይታይ ስስ አልጌ ስላለ ነው ብዬ በምላጭ ፋቅሁት፤ ምላጭ እንኳ ሞልቶኛል። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ያዙ። በአሥረኛው ቀን አንዱ ለቀቀ፣ ፕላስቲኩ ዘመም አለ፣ ቀይ ጭራውም ሾልኮ ቀዮቹ ዘንድ ደረሰ። ያን ቀን ደንበኛዬን ግማሽ ፀጉሩን ቆርጬ ወንበር ላይ ትቼው በመረብ ሳባርር ነበር።

መፍትሔው 60 ብር ነው የፈጀብኝ። ተማሪዎች የተጻፈ ወረቀት የሚያስሩበት፣ ጠርዙን ጨምድዶ የሚይዝ ረጅም የፕላስቲክ ዘንግ አለ አይደል? ስቴሽነሪ ቤት አራት ገዛሁ። ልጅቷ «ለመመረቂያ ጽሑፍ ነው?» አለችኝ። ለዓሣ ነው ብላት እየቀለድኩ መሰላት። ሁለቱን በፊተኛው መስታወት፣ ሁለቱን በኋለኛው፣ ጎን ለጎን በሲሊኮን ለጠፍኳቸው፣ ማከፋፈያው መሀላቸው እንዲገባ። እንደ ተንሸራታች መስኮት ሆነ፤ ከላይ ታስገባዋለህ፣ ከላይ ታወጣዋለህ። የጎኑንም ክፍተት ዘጋልኝ። ሲሊኮን ስትገዙ የሻጋታ መከላከያ መድኃኒት የሌለበትን ተራውን እዩ፣ መድኃኒት ያለበት ዓሣ ይገድላል። ለጥፋችሁም ውኃ ሳይነካው ቢያንስ አንድ ቀን ይድረቅ። ዓሦቹን ያን ጊዜ በትልቅ የፕላስቲክ ገንዳ ከነሂተራቸው (ከነውኃ ማሞቂያቸው) አሳደርኳቸው፣ ቀይ ጭራውን ለብቻው በባልዲ። አስቡት፣ አራት ጎማ መሥራት ላቃተው ፋብሪካ እኔ ይሄን ሁሉ።

አሁን ወደ ደብረ ብርሃን ጉዳይ ልምጣ።

ኅዳር ነበር። የኛን ኅዳር የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ነን፣ ሌሊት ሜዳው ላይ ውርጭ ይጥላል፣ ጠዋት ሱቅ ውስጥ ያለው ሙቀት 11 ዲግሪ ሆኖ አገኘዋለሁ። እነዚህ ዓሦች ደግሞ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ነው የሚመቻቸው። ሂተሬ 100 ዋት ነው፣ በግራ በኩል የተተከለ። ማከፋፈያው ከመግባቱ በፊት ውኃውን 25 ላይ ይዞልኝ ነበር፣ ፊልተሩ እያዘዋወረው።

ቀይ ጭራውን በቀኝ በኩል፣ ሲሶው ውስጥ አሰርኩት። በሦስተኛው ቀን ጸጥ አለ። በአምስተኛው ድንጋዩ ላይ ተኝቶ ዋለ። መዞር ቀረ፣ መንጎራደድ ቀረ። እኔ ደስታዬን አልቻልኩትም። ለሻጩ ደውዬ አመሰገንኩት! «አላልኩህም?» አለኝ። ደንበኞቼም «እስር ቤት አረመው» እያሉ ይስቁ ነበር። ያኔ ይሄን ብጽፍ ኖሮ ከ5 5 ነበር የምሰጠው።

ባለቤቴ ናት የነቃችው። ምሳ ይዛልኝ መጥታ «ይሄ ዓሣ ቀለሙ ለቋል» አለችኝ። አየሁት፤ ከሰሉ አመድ ሆኗል። ምግብ ስጥልለት አይነሳም። ቴርሞሜትሩ ሁልጊዜ በግራ በኩል ነበር፣ 26 ይላል። አውጥቼ ወደ ቀኝ አዛወርኩት። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ሳየው 20።

ሰላም አልነበረም። ብርድ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የማከፋፈያው ቀዳዳዎች ትንንሽ ናቸው፣ የሽንብራ ፍሬ እንኳ አታልፍባቸውም። ሞቅ ባለ አገር ክፍሉ ራሱ 24 ዲግሪ ስለሚሆን ውኃው በዝግታ ቢያልፍ ማንም አይጎዳም። እኛ ጋ ግን ሂተሩ ያለበት ወገን ይሞቃል፣ ሌላው ወገን ከክፍሉ ጋር አብሮ ይቀዘቅዛል። ሂተሩ የራሱ ወገን ሲሞቅለት ሥራዬን ጨረስኩ ብሎ ይጠፋል። ዓሣ ደግሞ የራሱ ሙቀት የለውም፣ ውኃው ሲቀዘቅዝ እሱም ይፈዛል። የፈዘዘ ዓሣ አይጣላም፤ አይበላምም፣ ይታመማል። ካርቶኑ ላይ ስለዚህ አንድ ቃል የለም። ሻጩም አልነገረኝም፣ አዲስ አበባም እኮ ሞቃት አይደለችም።

ሌላው አየር ነው። በእኛ ከፍታ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ገንዳው አንድ ሆኖ ፊልተሩ ላዩን ሲያንቀሳቅሰው ችግር የለም። ስትከፍለው ግን ፊልተር የሌለበት ወገን የቆመ ውኃ ይሆናል። መብራት የጠፋ ቀን ጠዋት ስገባ ቀይ ጭራው አፉን ውኃው ላይ አድርጎ ቶሎ ቶሎ ሲተነፍስ አገኘሁት። በብርጭቆ እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ ማፍሰስ ጀመርኩ፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ። ውኃው ሲወርድ አየር ይዞ ይገባል። ገንዳውንም በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ለሰው ብቻ ነው ያለው ማነው።

ያስተካከልኩት ሂተሩን ከግራ ጫፍ አንስቼ ከማከፋፈያው አጠገብ በማድረግ፣ የፊልተሩን መውጫ በቀጥታ ወደ ቀዳዳዎቹ በማዞርና በቀኝ በኩል አንድ የአየር ድንጋይ፣ አየር በአረፋ የሚለቀውን፣ በመጨመር ነው። የሚስማር ጫፍ በሻማ እያጋልኩ ከታች በኩል ቀዳዳ ጨመርኩለት፣ ከሞሊ ጫጩት በስተቀር የሚያልፍ የለም። ከዚያ በኋላ ግራው 25፣ ቀኙ 24 ሆነ። በሁለት ቀን ቀይ ጭራው ጠቆረ። በሦስተኛው ቀን ማከፋፈያውን በአፍንጫው እየደሰቀ ይፎክር ጀመር። ደስ አለኝ፣ ምን ልበላችሁ።

እዚህ ላይ ለዕቃው አንድ ምስጋና አለኝ። ጥቁር መሆኑ ጥሩ ነው። መስታወት ቆርጦ መክፈል ይቻል ነበር፣ ርካሽም ነበር፣ ግን እርስ በርስ ሲተያዩ ስለሚውሉ ቀኑን ሙሉ በመስታወት ውስጥ ይጣላሉ፣ አሳዳጁም ተሳዳጁም አያርፉም። በዚህኛው አይተያዩም። ሶርድቴሉ በሦስት ሳምንት ክንፉ ዳነ፣ ሰይፉም ትንሽ ማደግ ጀመረ። ፕላቲዎቹ ከፊልተሩ ጀርባ ወጥተው መሀል ዋኙ። ለተጎዳ ዓሣ ማገገሚያ ጊዜ መስጠት ከሆነ ዓላማችሁ፣ ይሄ ፕላስቲክ ሥራውን ሠርቷል።

ጸባይ ይለውጣል ብሎ የሚሸጥላችሁ ካለ ግን ይዋሻል። ሦስት ሳምንት ታስሮ ያልተረሳ ነገር ቢኖር ርስቱ ነው። ማከፋፈያውን በአንድ እሑድ ከማውጣቴ በፊት ገንዳውን አፈረስኩት። ድንጋዮቹን ሁሉ ቦታ ቀየርኩ፣ ከበሬሳ ወንዝ ሁለት ጥቁር ድንጋይ ጨመርኩ (ቀቅዬ፣ ኮምጣጤ ጠብ አድርጌበት አረፋ አለማውጣቱን አይቼ፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበት፣ ውኃውን ይቀይረዋል)። አንገቷ የተሰበረ፣ ቡና ያልነካት አዲስ ጀበናም አጋድሜ አስገባሁ። ሐሳቡ ድንበሩን የሚያውቅባቸው ምልክቶች ሲጠፉ እንደ አዲስ መጤ ይሆናል የሚል ነው። መብራቱን አጥፍቼ በጨለማ ለቀቅሁት።

አራት ቀን ፍጹም ሰላም። በ25 ዲግሪ ውኃ፣ በልቶ፣ ጠቁሮ፣ እውነተኛ ሰላም። በአምስተኛው ቀን ጀበናዋን መረጠ። አሁን ጀበናዋና ዙሪያዋ የእሱ ናት፣ ከገንዳው ሩብ አትሞላም። ፕላቲና ሞሊ በዚያ ሲያልፉ ብቅ ብሎ ያባርርና ይመለሳል፤ እስከ ጥግ መከተል ትቷል። ምግብም በሁለት ቦታ ነው የምጥለው፣ የሱ የሚሰምጠው ጀበናዋ አፍ ላይ፣ የነሱ ተንሳፋፊው በሌላው ጫፍ። ይሄን ያደረገው ማከፋፈያው አይደለም፣ የድንጋዮቹ ቦታ መቀየር ነው፤ እሱን ደግሞ በነጻ ማድረግ እችል ነበር።

ከቀዮቹ ጋር ግን አልሆነም። በስድስተኛው ቀን ሶርድቴሉን እንደገና ጥግ ላይ አገኘሁት። ሻጩ ጋ ደውዬ ቀይ ጭራውን መልስልኝ ብለው «ዓሣ አንመልስም፣ ሌላ ማከፋፈያ ልላክልህ?» አለኝ። ስለዚህ ሁለቱን ሶርድቴሎች የራሱ ገንዳ ላለው ጓደኛዬ ሰጠሁ። ለምን ቀይ ጭራውን አልሰጠህም የምትሉኝ ብዙ ናችሁ። እሱን የሚወስድ 200 ሊትርና ከዚያ በላይ ገንዳ ያለው ሰው ከተማችን ውስጥ አላገኘሁም፤ ለትንሽ ገንዳ መስጠት ደግሞ ጠቡን ለሌላ ሰው ማሸከም ነው። ከአሥር ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፣ ገና ብዙ አብረን ነን።

አባባ ባለፈው መጥተው አግዳሚው ላይ ቁጭ አሉና ዓይናቸውን አጥብበው ቆጠሩ።

«ቀዮቹስ?»

«ሰው ወሰዳቸው አባባ።»

«ለቀቅህለታ!» አሉና ሳቁብኝ። ጀበናዋን ሲያዩ ደግሞ የባሰ ሳቁ።

ፕላስቲኩ አልተጣለም። ዘንጎቹ መስታወቱ ላይ እንደተለጠፉ ናቸው፤ ሞሊ ለመውለድ ሆዷ ሲያብጥ ማከፋፈያውን ሸርተት አድርጌ አስገብቼ እለያታለሁ፣ ከመረብ ሳጥኗ በጣም ይሻላል፣ ሰፊ ነው። ልትገዙ ከሆነ ገንዳችሁን በውስጥ በኩል ለኩ፣ ከውኃው በላይ ቢያንስ 5 ሳንቲ ሜትር የሚተርፈውን ቁመት እዘዙ፣ ከታች ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ጠጠሩ ውስጥ ቅበሩት። ጎማዎቹን ከካርቶኑ አታውጧቸው። ቴርሞሜትርም ሁለት ግዙ፣ ለሁለቱም ወገን።